ውሃው ደህና ነው ያልኩበት ቀን

የንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ያውቃሉ፤ ይህኛውን አያውቁም። ባሌም ሳያውቀው ሞተ። ልጆቼም አልሰሙም። ለአባ ልናገር ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ፤ ከፍቼም "ደምና ውሃ ጎን ለጎን የሚያልፉበትን ማሽን ለእኚህ ሽማግሌ እንዴት አድርጌ አስረዳቸዋለሁ?" እያልኩ መልሼ ዘግቼዋለሁ። ሰበብ ነበር። ሐሜትን፣ ቂምን፣ ጾም መግደፍን ማስረዳት አያስፈልግም። ይሄ ግን ማስረዳት ይፈልጋል፤ እያስረዱት በሄዱ ቁጥር ደግሞ የሠሪው ፊት እየታየ ይመጣል።

እናንተ አታውቁኝም። ለእናንተ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ስሜን አልነግራችሁም፤ ሰው ሁሉ "ሲስተር" ይለኛል፣ እሱ ይበቃል። የክሊኒኩንም ስም አልጠራም። ለቡ ሰፈር ነበር። ዛሬ ቤቱ የሶፋና የአልጋ መሸጫ ሆኗል፤ በታክሲ ስታልፉ ብታዩት ምንም አይነግራችሁም።

ሥራዬ የኩላሊት እጥበት ነበር። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይመጣል፤ ደሙ በቱቦ ወጥቶ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ታጥቦ ይመለስለታል። እንግዳ ሲመጣ የሚያስጎበኙት ማሽኑን ነው። ውሃውን የሚያስጎበኝ የለም። እጥበቱ ግን በውሃ ነው። ጤነኛ ሰው በወር የማይጠጣው ውሃ በእነሱ ደም አጠገብ በአንድ መቀመጫ ያልፋል፤ ደሙንና ውሃውን የሚለያቸው ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ነው። እኛ የማይሆን ውሃ ብንጠጣ ሆድ አለ፣ ጉበት አለ፣ ኩላሊት አለ፤ ይከላከልልናል። እነሱን የሚከላከልላቸው ከማሽኖቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተደረደረ ማጣሪያ ብቻ ነው።

ያቺን ክፍል ያቋቋምኳት እኔ ነኝ። መኩራራቴ አይደለም ልል ነበር፤ መኩራራቴ ነው። ዶክተሩ ክሊኒኩን ሲከፍት ከመንግሥት ሆስፒታል ለምኖ ያመጣኝ እኔን ነበር። ጭቃውን የሚይዘውን ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ተከታትለው የቆሙትን ሁለት ትልልቅ የከሰል በርሜሎች፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ረቂቁን ማጣሪያ፣ የትኛው የት እንደሚቆምና መቼ እንደሚለወጥ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ከሁሉም የምሳሳለት ለከሰሉ ነበር። በቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ለእኔና ለእናንተ ደግ ነው፤ ተውሳክ ይገድልልናል። ደም ጋ ከደረሰ ግን ደሙን ያፈነዳዋል። እሱን የሚይዝልን ከሰሉ ነው። ከሰል ደግሞ እንደ ሰው ይደክማል። ሲደክም አይጮህም፣ አያፈስም፤ ውሃው እንደጠራ ይወርዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ማሽን ላይ ከመገጠሙ በፊት አንዴ፣ የከሰዓቱ ከመገጠሙ በፊት አንዴ፣ ከበርሜሎቹ በኋላ ካለችው ትንሽ ቧንቧ በብልቃጥ ውሃ እቀዳና መመርመሪያ ዱቄት እጨምርበታለሁ። እንደጠራ ከቆየ ደህና ነው። ሮዝ ከሆነ ማንም አይገጠምም። የክፍሉ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነበር የሚውለው።

ከዚያ ሄኖክ መጣ። የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ነው ተባለ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ እሱን ክፉ ማድረግ ቢቻለኝ ኖሮ ይሄን ሁሉ ዓመት ቀለል ብሎኝ በኖርኩ። ግን ቸኩሎ ነበር፣ ዶክተሩን ለማስደሰት ቸኩሎ ነበር። ዶክተሩ ቦታ ጠበበኝ ይል ስለነበር ሁለቱን በርሜሎች አስወጥቶ በምትካቸው ክንድ የምታህል የከሰል ማጣሪያ አስገባ። ካፌዎች ለሻይ ውሃ የሚያስገጥሟት ዓይነት። ከሰዓት የሚደረገውንም ምርመራ አስቀረው፤ በቀን አንዴ ይበቃል ብሎ።

በስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ሁሉም ሠራተኛ ባለበት "ይቺ ለሻይ ናት፣ ለደም አይደለችም" አልኩ። ዶክተሩ በልጄ ዕድሜ ነው፤ አንድ ቀን አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣

"ሲስተር፣ አንቺ መርፌሽን ያዢ። ውሃውን ለባለሙያው ተዪለት" አለኝ።

ሳቁ። ነርሶቹ፣ ያስተማርኳቸው፣ እጃቸውን ይዤ ደም ሥር ያስገኘኋቸው፣ ሳቁ። ሄኖክ እንኳ አልሳቀም። እሱ የባሰውን አደረገ፤ አዘነልኝ።

"ሲስተር፣ አይጨነቁ፣ ቴክኖሎጂው ተሻሽሏል። ሮዝ ነገር ካየን እንጠራዎታለን" አለና እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ። ክሩ በፀጉሬ ተይዞ ነበር፤ ሁሉም እያየኝ ስፈታው ቆየሁ። ይህን ለምን እነግራችኋለሁ? እንድታዝኑልኝ ነው? አዎ፣ እንድታዝኑልኝ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ለራሴ ስተርክም ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው፤ ከፀጉሬ፣ ከሳቃቸው። ከዘይነብ ጀምሬ አላውቅም።

ዘይነብ የከሰዓት ታካሚ ነበረች። ፉሪ ልብስ ትነግዳለች። እዚያው ፉሪ ቤት ጀምራ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ቀርቶባት ነበር። "ቆርቆሮው ሳይመታ ነፍሴን ለመልአኩም አልሰጥም፤ በር ላይ ቆመህ ጠብቅ ነው የምለው" ትል ነበር። ሌሎቹ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እሷ ዙሪያዋን ሁሉ ታስቃለች። አንድ ልማድ ነበራት። እኔን ሳትጠይቅ አትገጠምም። መርፌው ተዘጋጅቶ ክንዷን ትይዝና፣

"ሲስተርዬ፣ ውሃው ደህና ነው?" ትላለች።

"ከጠበል ይበልጣል።"

"ጠበልሽን ለራስሽ፤ እኔ ዘምዘም ነው የምፈልገው!"

"ዘምዘምም ቢሆን ሳላጣራ አልሰጥሽም።"

ትስቃለች፣ ክንዷን ትሰጣለች። ቁልፉን ከተቀማሁ በኋላም መጠየቋን አልተወችም። ሄኖክን "አንተ ልጅ፣ ዲግሪ ይኑርህ፣ እኔ የማምነው የሲስተርን አፍ ነው" ትለው ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

ውሃ በአካባቢያችን በተራ ነበር የሚመጣው። በማይመጣበት ቀን ከጓሮ ካሉት ሁለት ታንከሮች እንጠቀማለን፤ አንደኛው ሲያልቅ ዘበኛው ጋሽ ደበላ ወደ ሁለተኛው ያዞረዋል። በዚያ ሰሞን መንገድ ሲቆፍሩ ቧንቧ ሰብረው ውሃው ጭቃ ይዞ መጥቶ ነበር። ጋሽ ደበላ ሁለተኛውን ታንከር አጥቦ ከቦቴ አስሞላው። ሁላችንም ቤታችን ታንከር የምናጥበው በምንድነው? በበረኪና። እሱም እንደዚያው አደረገ። ጠዋት በር ላይ አገኘኝና ደረቱን ነፍቶ ነገረኝ።

"ሲስተር፣ ለእነዚህ ምስኪኖች ብዬ አንድ ጀሪካን በረኪና ጨረስኩበት። የራሴን እንኳ እንዲህ አላጥበውም።"

"አለቅልቀኸዋል ጋሽ ደበላ?"

"ምን ያስለቀልቀኛል? ባይሆን እዚያው ሆኖ ይጠብቅልናል እንጂ!"

"ለሄኖክ ነግረኸዋል?"

"ነግሬዋለሁ። ስልክ ላይ ነበር፤ ጎበዝ አለኝ።"

እኔም "ጎበዝ" አልኩት። አልፌው ገባሁ።

የጠዋቱ ፈረቃ በመጀመሪያው ታንከር አለፈ። ሄኖክ ጠዋት መርምሮ ነበር፣ ደህና ነበር፤ ውሸት አልነበረበትም። ጠዋተኞቹ ወጥተው የከሰዓቶቹ እየገቡ ሳለ ጋሽ ደበላ ወደ ሁለተኛው ሲያዞረው ሰማሁ። ሄኖክ በር መቆለፍ አያውቅም። ወደ ክፍሏ ገባሁ። የተረፈኝ ዱቄት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ ብልቃጡም ኪሴ። ቀዳሁ፣ ጨመርኩ፣ ወደ ብርሃን አነሳሁት።

ሮዝ ሆነ። ያችን ለሻይ የተሠራች ማጣሪያ አልፎ፣ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ሆኖ እጄ ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ስንት ዓመት እንደቆምኩ ብታውቁ! በሩ ክፍት ነው። ሄኖክ ኮሪደር ላይ በስልክ ሲስቅ ይሰማኛል። "ሄኖክ፣ ና እይ" ማለት ነበር። ሦስት ቃል። አንድም ሰው ባልተገጠመ፣ ታንከሩ ባልፈሰሰ፣ ታካሚዎቹ ተነጫንጨው ወደ ቤታቸው በሄዱ ነበር። ሄኖክ ደግሞ "አመሰግናለሁ ሲስተር" ባለኝ ነበር፤ ነገሩም በዚያው ባለቀ። በዚያው እንዲያልቅ አልፈለግሁም። እንዲታይ ፈለግሁ። ዶክተሩ እንዲያየው፣ የሳቁት እንዲያዩት ፈለግሁ። ራስ ምታት ቢሆን ነው፣ ትንሽ ማቅለሽለሽ ቢሆን ነው ብዬ አስቤ ነበር ልላችሁ እዚህ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ክሎሪን ደምን ምን እንደሚያደርግ በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ብልቃጡን ደፋሁት። አጥቤ ኪሴ ከተትኩት።

ወጣሁ። የመጀመሪያዋ ዘይነብ ነበረች። ጫማዋን አውልቃ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ክንዷን ይዛ ትጠብቀኛለች።

"ሲስተርዬ፣ ውሃው ደህና ነው?"

ቃል አልተናገርኩም። አየር ሳብ አደረግሁ፤ ሁላችንም ቸኩለን "አዎ" ስንል እንደምናደርገው፣ ቅንድብ ከፍ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ። ይኸው ነው። ኃጢአቴ ይቺ ናት፤ ድምፅ እንኳ የላትም። ስንት ዘመን በዚህ ተከራከርኩ! አልዋሸሁም፣ ተነፈስኩ እንጂ እያልኩ። ሰው በመተንፈሱ ይኮነናል? እሷ ግን ገባት። ጠበል ባለማለቴ ቅር ብሏት ትንሽ አየችኝ፤ ቢሆንም ክንዷን ሰጠች።

ሌሎች ሁለትም ተገጠሙ። እኔ ግን ከእሷ አልራቅሁም። ልብሷን ሳስተካክል፣ ቱቦውን ስነካካ ቆየሁ። ለምን? ስለማውቅ። የሚመለሰውን ደም እያየሁ ነበር። ደም በቱቦ ሲሄድ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም። የእሷ ቀስ በቀስ መሳሳት ጀመረ። እንደ ወይን ጠጅ ብርሃን ያሳልፍ ጀመር።

"ሲስተርዬ፣ ወገቤ... ደረቴ ላይ ሰው የቆመብኝ መሰለኝ።"

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉ የከፋው ነው። ወዲያው አላቆምኩትም። ዶክተሩ ከቢሮው ወደ እኛ ክፍል እየመጣ ነበር፤ ድምፁን ሰማሁ። እስኪገባ ጠበቅሁ። ጥቂት ነበር። ዘይነብ እጄን ይዛ ነበር፣ ጥፍሯ ይሰማኛል፤ እኔ በሩን አያለሁ። ገባ። ያኔ ቱቦውን ቆልፌ ጮህኩ።

"ሁሉንም ማሽን አቁሙ! ደሙ እንዳይመለስባቸው! ውሃው ነው!"

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እኔን የሚያስመሰግን ነው። ሁለቱ ሌሎች በጊዜ ስለተፈቱ አንድ ቀን ታመው ዳኑ። ዘይነብን በአምቡላንስ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ደም እንዲያዘጋጁ መንገድ ላይ ሆኜ የደወልኩት እኔ ነኝ። "ሲስተር ባትኖር ኖሮ" የማይል አልነበረም። ዶክተሩ ያንኑ ሠራተኛ ሁሉ ሰብስቦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ "እርስዎ" ብሎኝ፣ ቁልፉን በእጁ መለሰልኝ። የሳቁት አጨበጨቡ። ትልልቆቹ በርሜሎች ተመለሱ። የከሰዓቱ ምርመራ ተመለሰ። ያልኩት ሁሉ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ትክክል ሆኖ እንደዚህ መቆሸሽ እንደሚቻል ማን ነገረኝ?

ውሃው መሆኑን በምን ቶሎ አወቅሽ ብሎ ከእነሱ መካከል የጠየቀኝ የለም። አንድ ሰው ብቻ ጠየቀችኝ። ዘይነብ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ "ሲስተርዬ፣ እንዴት ቶሎ አወቅሽው?" አለች። ምስጋና ይሁን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። "ሥራዬ አይደል?" አልኳት። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ "አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው" አለች።

ሄኖክ ተባረረ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ እኔ ጋ መጣ። እሰድበዋለሁ ብዬ ስጠብቀው የነበረውን ልጅ እያለቀሰ አየሁት።

"ሲስተር፣ ነግረውኝ ነበር። አልሰማሁዎትም። ይቅር ይበሉኝ" አለኝ።

ይቅር አልኩት። ትሰማላችሁ? እኔ፣ እሱን፣ ይቅር አልኩት። ጀርባውን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት። ጋሽ ደበላም ተባረረ። ስለ እሱ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛ ነው። በረኪናውን ለምስኪኖቹ ብሎ ነበር። "አለቅልቀው" ብዬው ቢሆን ኖሮ እንደገና ያጥበው ነበር፣ ደግ ሰው ነበር። እኔ ግን "ጎበዝ" አልኩት።

ዘይነብ ተመልሳ መጣች፤ ሰውነቷ ግን አልተመለሰም። ደረጃ ያደክማት ጀመር። ማሳቅ ተወች። መጠየቅም ተወች፤ ዝም ብላ ክንዷን ዘርግታ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ከጠበል ይበልጣል ልላት ስንት ቀን አፌን ከፈትኩ፣ ጠያቂ የሌለው መልስ ግን እንዴት ይባላል? ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ልቧ ነው አሉ። የኩላሊት ታማሚ ብዙ ጊዜ በልቡ ነው የሚሞተው፤ ይህ እውነት ነው። በዚህ እውነት ተደግፌ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። ተደግፌ እንጂ ቀጥ ብዬ አልቆምኩም።

ሄኖክ ዛሬ ጀሞ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ አለው። ከዚያ ወዲያ ሆስፒታል በር አልረገጠም። ባለፈው ሳላውቅ ገባሁበት። ፀጉሩ ሸብቷል። ካየኝ በኋላ ልሸሽ አልቻልኩም።

"ሲስተር! እርስዎ ነዎት?" ብሎ ከባንኮኒው ወጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ከዚያ ዕቃ ወደሚመርጥ ደንበኛ ዞሮ፣ "እኚህን ያዩዋቸዋል? እኔ በስንፍናዬ ሰው ልገድል ስል ያተረፉልኝ እናት ናቸው" አለው።

ሰውየው አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳኝ። እኔ ምን አልኩ? የማያስፈልገኝን የቧንቧ ጎማ መርጬ ሂሳብ ስንት ነው አልኩ። አልቀበልም ብሎ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጎማው መስኮቴ ላይ ተቀምጧል፤ ይህን የምጽፈው እሱን እያየሁ ነው።

ፉሪ አልፎ አልፎ እሄዳለሁ፤ እህቴ እዚያ ናት። የዘይነብን ቤት ልጆቿ ቆርቆሮ መትተውለታል። ታክሲው በደጁ ሲያልፍ በሌላው መስኮት አያለሁ።

ጸሎቷ ሰምሯል፤ ዕድሜዬ ረዝሟል። የሳቁብኝ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ዶክተሩ አገር ለቋል፣ ቂም የምይዝበት ሰው እያለቀብኝ ነው። ጉልበቴ ያመኛል። ደክሞኛል። ይህንንም የምናገረው ተጸጽቼ ብቻ አይደለም፤ መሸከሙ ስለከበደኝም ነው። አንዱን ከአንዱ መለየት አልችልም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የእናንተ ክንድ አልነበረም። አባ ጋም እሄዳለሁ፣ ቢገባቸውም ባይገባቸውም። ሄኖክ ጋም መሄድ አለብኝ፤ ከእሱ በፊት እናንተ ሰምታችኋልና መመለሻ የለኝም። ለእሷ ግን የምለው አንድ ነገር ነው ያለኝ፣ በትንፋሽ ሳይሆን በቃል፤

ዘይነብ፣ ውሃው ደህና አልነበረም። አይቼው ነበር።